ሞተሩ ከመውጣቱ በፊት፦ የኤምጂቢ የፍሪሲዮን ችግር እንዴት ይለያል?

ኤምጂቢ በ1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ መመረት የጀመረች፣ 1798 ሲሲ ሞተር ያላት የስፖርት መኪና ናት። ምርቷ እስከቆመበት እስከ 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ ወጥታለች። አሠራሯ ቀላል ስለሆነ ዛሬም በርካታ ባለቤቶች ራሳቸው እየጠገኑ ይነዷታል። አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን አለባት፤ ካምቢዮዋ ብቻውን ከሥር አይወርድም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ኮፈኑ ተነስቶ፣ ራዲያተሩ ተፈቶ፣ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ችግሩ ውጪ እንደነበር ማወቅ የሚያናድድ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ችግሩ ውጪ ነው።

አሠራሩን እንይ። ፔዳሉ ሲረገጥ ላይኛው ፖምፓ የፍሬን ዘይት ይገፋል። ዘይቱ በቧንቧና በጎማ ቱቦ አልፎ ካምቢዮው ጎን ላይ ወደታሰረው ታችኛው ፖምፓ ይደርሳል። ታችኛው ፖምፓ በአጭር ዘንግ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ደግሞ የግራፋይት ቀለበት ያለበትን መጫኛ ወደ ፍሪሲዮኑ ሞላ ያስጠጋል። ያኔ 8 ኢንች ስፋት ያለው ሸራ ከቮላኖው ይላቀቃል። ሸራው እየተበላ ሲሄድ ታችኛው ፖምፓ በራሱ ያካክሳል እንጂ የሚጠብቅና የሚላላ ማስተካከያ ብሎን የለውም። ስለዚህ ፔዳሉ ከዱሮው ይልቅ ወለሉ አጠገብ መያዝ ከጀመረ የሆነ ነገር ተበልቷል፣ ፈስሷል ወይም አየር ገብቷል ማለት ነው።

የፍሪሲዮን ችግር ሁለት ዓይነት ነው፤ አልላቀቅ ማለትና መንሸራተት። ሁለቱን መለየት ከሁሉ ይቀድማል።

አለመላቀቁን ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጦ ጥቂት ሰከንድ መቆየትና የኋላ ማርሽ ማስገባት ነው። ማርሹ ከጮኸ ሸራው ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። በአንደኛ ማርሽ መሞከር ግን ያሳስታል፤ ከ1967 በኋላ በተሠሩት ላይ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ስላለው ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ባይላቀቅም ያለ ጩኸት ሊገባ ይችላል። ከጮኸ በኋላ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ደጋግሞ ረግጦ እንደገና መሞከር ይገባል። አሁን ያለ ድምፅ ከገባ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉም የላቀ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሌላው በደንብ ከተደገፈችው መኪና ሥር ሆኖ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደሄደ በማስመሪያ ይለካል። ወደ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሄደ የዘይቱ መስመር ሥራውን እየሠራ ነው። ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ሞተሩን መንካት አያስፈልግም፤ የጎደለውን ጉዞ ከፔዳሉ ጀምሮ መፈለግ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ፔዳሉን ከላይኛው ፖምፓ ዘንግ ጋር ከሚያያይዘው ትንሽ ፔርኖ ነው። ኮፈኑን ከፍተው የፔዳሉን ሳጥን ክዳን ሲያነሱ፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔርኖዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። የፍሪሲዮኑን አውጥቶ ማየት ነው፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ ከሆነ መሐሉ ተሰርጉዶ፣ የፔዳሉም ቀዳዳ ክብነቱን ትቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ፔዳሉ ይህን ክፍተት እስኪጨርስ ድረስ ዘይቱን አይገፋም። ጉዞው ደግሞ ከመጀመሪያውም የተመጠነ ነው፤ የታችኛው ፖምፓ ስፋት ከላይኛው ስለሚበልጥ ከላይ የተገፋው ርቀት ታች ሲደርስ ያጥራል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምትባክን እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ዋጋ አላት። ፔርኖውን በአዲስ መቀየር፣ ቀዳዳውንም በብየዳ ሞልቶ ወይም ቡሽ አስገብቶ ማደስ የጠፋውን ጉዞ ይመልሳል። ከሞተር ማውጣት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ከቁጥር አይገባም።

ከዚያ የዘይት ፍሳሽ ይፈለጋል። ከፔዳሉ በላይ ያለው ግድግዳ ረጥቦ ቀለሙ ከተላጠ ላይኛው ፖምፓ ያፈስሳል፤ የታችኛው ፖምፓ የጎማ መከላከያ ሲገለጥ እርጥበት ካለው ደግሞ እሱ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ቆማ የከረመች መኪና ፖምፓዋ ከውስጥ ይዝጋል። በሞተር ዘይት መሙላት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

የሚንሸራተተውን ለመለየት በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ነዳጁን እስከ ታች መርገጥ ነው። የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናዋ ካልተከተለችው ሸራው አልቋል ወይም የሞተር ዘይት ነክቶታል። ዘይቱ በካምቢዮው ደወል ሥር ባለችው ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ከ1964 መጨረሻ በፊት የተሠሩት ሞተሮች ከኋላ በኩል የጎማ ፓራኦሊዮ ስለሌላቸው ጥቂት ጠብታ የተለመደ ነው። ፍርድ ከመስጠት በፊት ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ የጎማው ቱቦ ውስጡ አብጦ ከተዘጋ ዘይቱን አልመልስ ብሎ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ተረግጦ ያስቀረዋል። የታችኛው ፖምፓ ማስተንፈሻ ተከፍቶ ዘይት በግፊት ከወጣና መንሸራተቱ ከቆመ ጥፋቱ የቱቦው ነው።

ዘንጉ ሙሉ ጉዞውን እየሄደ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ካለ፣ ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ ብረት ከብረት ሲፋቅ ከተሰማ፣ ያኔ ሞተሩ መውጣቱ ግድ ነው። ግራፋይቱ አልቆ፣ የሹካው ቡሽ ተበልቶ ወይም ሸራው ቮላኖው ላይ ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከወጣ ሸራውን፣ መጫኛ ሳህኑንና ግራፋይቱን አንድ ላይ መቀየር ነው። የግራፋይቱን ዕድሜ የሚያሳጥረው ደግሞ የሾፌር ልማድ ነው፤ መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ መቆም።

የእናንተ መኪና ኤምጂቢ ባትሆንም፣ ፍሪሲዮኗ በዘይት የሚሠራና ታችኛው ፖምፓ ከውጭ የታሰረ ከሆነ ይኸው ፈተና ይሠራል። ካምቢዮው ይውረድ ከመባሉ በፊት መካኒኩ ዘንጉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሄድ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።