የመሥሪያ ቤቶችን ሕንፃ ስለ ማደስና የኤሌክትሪክ ኃይልን ስለ መቈጠብ

የወረዳ ሹማምንት፦ መሥሪያ ቤታችን በሙቀቱ አላሠራንምና የማቀዝቀዣ መሣሪያ ይገዛልን፥ ብለው ያመለክታሉ። ልመናው እውነተኛ ነው፤ ዳሩ ግን ከመሣሪያው አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ቤቱ ነው። የጎተራውን ቀዳዳ ሳይደፍን እህል የሚጨምር ገበሬ የለምና።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ያለው ኤምፓየር ስቴት የተባለው ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀውን ይህን ሕንፃ ባለቤቶቹ በ2009 ዓ.ም. ለማደስ በተነሡ ጊዜ፥ መሐንዲሶቹ ማቀዝቀዣውን ከመለወጥ አስቀድመው ሙቀቱ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ መረመሩ። 6,514ቱን መስኮቶች አልጣሏቸውም፤ እዚያው በ5ኛው ፎቅ ላይ የሥራ ቦታ አበጅተው የየመስኮቱን ሁለት መስተዋቶች ለያይተው ካጸዱ በኋላ፥ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ዘርግተውና ሙቀትን የሚያዘገይ ጋዝ ሞልተው መልሰው ገጠሟቸው። በየማሞቂያውም ጀርባ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል እንዳይባክን መከላከያ አደረጉ፤ መብራቱንም አስተካከሉ። ይህ ሁሉ በተደረገ ጊዜ የሚያስፈልገው ቅዝቃዜ ስላነሰ፥ አሮጌው ማቀዝቀዣ ታድሶ በቃ። ለቁጠባው ሥራ የተጨመረው ወጪ 13.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፥ በየዓመቱ ይተርፋል ተብሎ የተሰላው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እንግዲህ ወጪው በ3 ዓመት ይመለሳል ማለት ነው። ሊቀነስ የታሰበውም ኃይል ከመቶ 38 እጅ ነበር።

የወረዳ መሥሪያ ቤት በመጠን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው። በቆላ አገር ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ የፀሐዩን ትኵሳት በሠራተኛው ራስ ላይ ያወርደዋል። ስለዚህ ኮርኒስ ማበጀት፥ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የአየር መውጫ መተው፥ ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት፥ በምዕራብ በኩል ላለው መስኮት ጥላ ማድረግ ይቀድማል። እኔ ያየሁት አንድ የቆላ መሥሪያ ቤት ሁለት ማቀዝቀዣ ገዝቶ ሳለ፥ ኮርኒስ ስላልነበረው ጸሐፊዎቹ ከቀትር በኋላ መዝገባቸውን ይዘው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። በደጋ ግን የበርና የመስኮት ስንጥቅ መድፈን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት እስከ ማታ ያቈያልና፥ እርሱን አፍርሶ በመስተዋት መተካት ምን ይጠቅማል? ባለ ክሩን አምፖል በኤል ኢ ዲ አምፖል መለወጥም ያንኑ ብርሃን ከአምስት አንድ እጅ በሚያህል ኃይል ያስገኛል።

በኪራይ ቤት ነገሩ ይከብዳል። ባለንብረቱ፦ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው፥ ብሎ አያድስም፤ ሹሙም፦ ቤቱ የሌላ ሰው ነው፥ ብሎ አይነካውም፤ በመካከሉ የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ ውሉ በሚታደስበት ጊዜ፥ ጣራውንና መስኮቱን የሚያድሰው ማን እንደ ሆነ፥ ወጪውም ከኪራዩ በየወሩ ስንት እየተቀነሰ እንደሚካካስ ተለይቶ ይጻፍ። ከሥራውም በፊት ያለፈው የ12 ወር የመብራት ደረሰኝ ተሰብስቦ በመዝገብ ይቀመጥ፤ እድሳቱ ያተረፈው የሚታወቀው በዚሁ ነውና።