የግንባር ባትሪ ሲገዛ ከድምቀቱ ይልቅ ዕድሜው ይታይ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ የዕለት ሥራውን የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ወተቱ ማልዶ አዲስ አበባ መድረስ ስላለበት ላሞቹ የሚታለቡት በጨለማ ነው። ምሽትም ላይ ከብት ማስገባት፣ ድርቆሽ ማቅረብ፣ መውለጃዋ የተቃረበ ላም መጠበቅ፣ በመኸር ወቅትም ውድማ ማደር ያለ ብርሃን የማይሆኑ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ ሥራዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ሁለት እጅ የሚጠይቁ መሆናቸው ነው። በአንድ እጅ ባትሪ ይዞ በሌላው ማለብ አይቻልም። ስለሆነም ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ወይም ልጅ ቀስቅሶ አስይዞ የሚያልበው ጥቂት አይደለም።

በላስቲክ ጥብጣብ ግንባር ላይ የሚታሰረውና በኤሌክትሪክ የሚሞላው ባትሪ ለዚህ ችግር ጥሩ መፍትሔ ነው። ዕቃው ከመርካቶ ተጭኖ በየከተማው ሱቅና በየገበያው ቀን ይሸጣል። ይሁን እንጂ ከሚሸጡት መካከል ለዓመታት የሚያገለግል አለ፤ ጥቂት ወራት አብርቶ የሚጣልም አለ። ሁለቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ምሽት ደምቆ የሚታየው ቶሎ የሚሞተው ሊሆን ይችላል። አንድ ገበሬ ለራሱ ሲገዛ ቢሳሳት የሚከስረው የአንድ ባትሪ ዋጋ ነው። ማኅበር ለመቶ አባላት ገዝቶ ቢሳሳት ግን ገንዘቡም የአባላቱም እምነት አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም የማኅበር መሪዎች ዕቃውን መርምሮ መግዛት የሚቻልበትን መንገድ ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ከኩራዝ ወደ ግንባር

ተራ ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን 10 ሉመን ገደማ ብቻ ነው። ሉመን ማለት ከአንድ መብራት የሚወጣው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። አነስተኛ የግንባር ባትሪ ከ50 እስከ 100 ሉመን ሲሰጥ ብርሃኑንም ሰውየው ወደሚያይበት አቅጣጫ ያተኩራል። ከሁሉ በላይ ግን እሳት የለበትም። ሱሉልታ በድርቆሹ የታወቀ አገር ነው፤ የዓመቱ የከብት መኖና ለገበያ የሚቀርበው ድርቆሽ በአንድ ግቢ ተከምሮ ይኖራል። ኩራዝ ወይም ፋኖስ ይዞ ወደ ድርቆሽ መግባት የዓመት ድካምን በአንድ ሌሊት ማጣት ሊያስከትል ይችላል። ለግንባር ባትሪ የሚወጣው ገንዘብ ሲታሰብ ይህም ከሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

በራስ ላይ መብራት ማሰር አዲስ ሐሳብ አይደለም። የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ መብራት በቆባቸው ላይ አስረው ሠርተዋል፤ ነገር ግን ባትሪው ከባድ ስለነበረ የሚሸከሙት በወገባቸው ታጥቀው ነበር። ዕቃው ቀላልና ርካሽ ሊሆን የቻለው በሁለት ግኝቶች ምክንያት ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበው የሊትየም ባትሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ዘመን የተገኘው ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ነው፤ ነጩ የኤል ኢ ዲ መብራት የተሠራው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የኤል ኢ ዲው ፈልሳፊዎች እ.ኤ.አ. በ2014፣ የሊትየም ባትሪው ደግሞ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አሮጌው አምፑል ከአንድ ዋት ኃይል ከ15 ሉመን ያልበለጠ ብርሃን ሲያወጣ ኤል ኢ ዲ 100 ሉመንና ከዚያ በላይ ያወጣል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን መመርመር

ገዢውን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። አንድ የግንባር ባትሪ «1,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት ያበራል» ተብሎ ቢጻፍበት እውነት መሆን አለመሆኑን በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። 1,000 ሉመን ለማውጣት 10 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። በ10 ዋት 10 ሰዓት ለማብራት ደግሞ 100 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይጠይቃል። በአብዛኞቹ የግንባር ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው ክቡ የሊትየም ድንጋይ ግን ጥሩው ዓይነት እንኳ የሚይዘው 13 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በሙሉ ድምቀቱ ቢበራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ያው ድንጋይ በ100 ሉመን ቢሠራ ግን 10 ሰዓት ያህል ሊያበራ ይችላል። ለማለብና ለቤት ሥራ ደግሞ 100 ሉመን ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው የሚታየው የድንጋዩ አቅም ነው። ይህ ድንጋይ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 18650 እየተባለ ይጠራል። የጥሩው አቅም በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። «9,900» የሚል ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ቢገኝ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ያለ ምርመራ መናገር ይቻላል። ክብደቱም ይመሰክራል፤ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። በቅመም ሚዛን ተመዝኖ ከ40 ግራም በታች የሆነ ድንጋይ ሊጠረጠር ይገባዋል።

የማብሪያው ሰዓት አቆጣጠርም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በወጣው ኤፍ ኤል 1 በተባለው የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ መሠረት ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው አንድ አሥረኛ እስኪደርስ ድረስ ነው። ስለዚህ ታማኝ አምራች የጻፈው «10 ሰዓት» እንኳ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ደብዛዛ ሊሆኑ ይችላሉ።

እርሳስ ወይስ ሊትየም?

በርካሽ ከሚሸጡት በርካታ የሚሞሉ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ሊትየም ሳይሆን የእርሳስና የአሲድ ድንጋይ ነው። ይህ ዓይነቱ ከበድ ያለ ሲሆን ብዙውን ጊዜ «4 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ትልቁ ጉድለቱ ባዶውን መቀመጥ አለመቻሉ ነው። ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ሳይሞላ ለሳምንታት ቢተው ውስጡ ይበላሽና ዳግመኛ በሚገባ አይሞላም። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት ወይም መስመሩ ወደ ቤት ባልገባበት አካባቢ ደግሞ ባትሪ ባዶውን መሰንበቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የእርሳሱ ዓይነት ለእንዲህ ያለው ቦታ አይመረጥም። ሊትየሙ ግን ጨርሶ ባይጠፋም በተገኘው ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢሞላ አይጎዳም።

አሞላሉም ልዩነት አለው። በቀጥታ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት የሚሰካ መሰኪያ ያላቸው ርካሽ ባትሪዎች አሠራራቸው ደካማ ከሆነ ንዝረት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ በተለይም እየሞሉ ሳለ ግንባር ላይ ማሰር ፈጽሞ አይገባም። በሞባይል ስልክ ቻርጀር የሚሞላው ይመረጣል። ይህ ዓይነቱ ከፀሐይ ኃይል ሰሌዳም፣ በከተማ ካለ የስልክ መሙያ ሱቅም ሊሞላ ይችላል። በኤሌክትሪክ ሲሞላ የሚፈጀው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ ባዶው ባትሪ 50 ጊዜ ተሞልቶ የሚወስደው ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ከዚህም በላይ ድንጋዩ ወጥቶ በሌላ ሊተካ የሚችል መሆኑ መታየት አለበት። ሊትየም ድንጋይ ከጥቂት መቶ ሙሌት በኋላ አቅሙ ይቀንሳል። ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ ርሱን ብቻ ለውጦ መቀጠል ይቻላል፤ ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ ግን ዕቃው በሙሉ ይጣላል።

በማኅበር ደረጃ የሚደረግ ሙከራ

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በኬንያ የተካሄዱ ጥናቶች ርካሽ የኤል ኢ ዲ የእጅ ባትሪዎች ቶሎ እንደሚበላሹና ገዢው ደህናውንም ዓይነት እንዳያምን እንደሚያደርጉት አሳይተዋል። የዓለም ባንክ ያቋቋመው «ላይቲንግ አፍሪካ» የተባለው ፕሮግራም ለፀሐይ መብራቶች የጥራት ደረጃ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። በአገራችንም የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለፀሐይ መብራት ብድር ሲሰጥ ዕቃው ይህን ደረጃ ያለፈ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በደረጃው መሠረት በካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት መሆን አለበት፤ በእጅ የሚያዘው መብራት ከ1 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሥራት አለበት፤ ሻጩም ቢያንስ የ1 ዓመት ዋስትና መስጠት አለበት።

የገበሬ ማኅበር ላቦራቶሪ ባይኖረውም ይህንኑ አርአያ ተከትሎ ራሱ መሞከር ይችላል። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ገዝቶ ለተለያየ ሥራ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች መስጠት ነው። በሱሉልታ ብርዱና የድርቆሹ አቧራ፣ በሰበታ በመስኖ አትክልት የሚያለማው ገበሬ የሚሠራበት ጭቃና ውኃ፣ በቡራዩ ከከተማ አምሽቶ የሚመለሰው ሰው የሚሄድበት የባሕር ዛፍ ጫካ መንገድ ዕቃውን የሚፈትኑት በየራሳቸው መንገድ ነው። በሙከራውም የሚከተሉት ነጥቦች ቢመዘገቡ በቂ ነው፦

አንደኛ፣ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ በመካከለኛ ድምቀት ይበራና በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ጋዜጣ ማንበብ እስኪያቅት ድረስ ያለው ሰዓት ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ ከወገብ ከፍታ በጠንካራ መሬት ላይ ስድስት ጊዜ በተለያየ ጎኑ ይጣላል።

ሦስተኛ፣ እየበራ ሳለ ከየአቅጣጫው ውኃ ይረጭበታል። «አይ ፒ ኤክስ 4» የሚል ምልክት ያለው ዕቃ ይህን መቋቋም አለበት።

አራተኛ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሁለት መቶ ጊዜ ይጫናል፤ በወተት በረጠበ እጅም ይሞከራል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ይኸው ክፍልና የመሙያው ቀዳዳ ነው።

አምስተኛ፣ በሻሽና በባርኔጣ ላይ ለአንድ ሰዓት ታስሮ የማይንሸራተትና አንገት የማያደክም መሆኑ ይታያል።

ስድስተኛ፣ ባትሪው ለሁለት ወር በየቀኑ ከሠራ በኋላ የመጀመሪያው የሰዓት ምርመራ ይደገማል። መጀመሪያ 6 ሰዓት ያበራ የነበረ ባትሪ በሁለት ወር ከ5 ሰዓት በታች ከወረደ ድንጋዩ ደካማ ነውና አይገዛም።

በዚህ ሙከራ የሴቶች አስተያየት መቅረት የለበትም። በብዙ ቤት ላም የምታልበው፣ ወፍጮ ቤት አምሽታ የምትመለሰውና ሌሊት ተነሥታ እሳት የምታያይዘው እናት ናት። ርሷ ሳትጠየቅ ዕቃው ተመርምሯል ለማለት አይቻልም።

ርካሹ የትኛው ነው?

ዋጋ መመዘን ያለበት በካርቶኑ ሳይሆን በሚያበራው ሌሊት ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ባትሪ በ400 ብር ተገዝቶ ለ4 ወር፣ ሌላው በ900 ብር ተገዝቶ ለ2 ዓመት ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው ለአንድ ሌሊት ከ3 ብር በላይ ሲያስወጣ ሁለተኛው 1 ብር ከ25 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በእጥፍ የተወደደው ባትሪ በእርግጥ ርካሹ ሆኖ ይገኛል። ማኅበሩ ሙከራውን ካጠናቀቀ በኋላ ይህን ስሌት በየዓይነቱ ሠርቶ ለአባላቱ ቢያሳይ ውሳኔው በግምት ሳይሆን በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።

ግዢውም ሲፈጸም ደረሰኝና የዋስትና ጽሑፍ መቀበል፣ የተበላሸው የሚመለስበትን ጊዜ በውሉ ማስፈር፣ ከመቶ ባትሪ ጋርም ጥቂት ትርፍ ድንጋዮች አብሮ መግዛት ይጠቅማል። ከሙከራው የተረፈው ባትሪና በሙሉ የተገዛው አንድ ዓይነት መሆኑም ሲረከቡ ከየካርቶኑ ጥቂቱን እያወጡ በማብራት መረጋገጥ አለበት።

አያያዝ

ጥሩ ባትሪም በአያያዝ ጉድለት ይሞታል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይወርድበታል። ሊትየም ድንጋይ በረዶ በሚሠራበት ብርድ ውስጥ ቢሞላ ይጎዳል፤ ስለዚህ በረት ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ሊሞላና ሊያድር ይገባል። በድርቆሽ፣ በገለባ ወይም በመኝታ ላይ አስቀምጦ መሙላት አይገባም። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ድንጋይ ወዲያውኑ ከሥራ መውጣት አለበት፤ እሳት ውስጥም መጣል የለበትም። የእርሳሱ ዓይነት መርዛማ ስለሆነ በማሳና በወንዝ ዳር እንዳይጣል ማኅበሩ ያረጁትን ድንጋዮች በአንድ ሣጥን ማሰባሰብ ይችላል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ዛሬም ጎሕ ሳይቀድ ያልባል፣ ዛሬም በጨለማ ድርቆሽ ያወርዳል። ለዚህ ሥራው የሚበጀው ባትሪ በገበያው ውስጥ አለ። መጪው የመኸር ሥራ ከመድረሱ ሁለት ወር አስቀድመው ሙከራውን የሚጀምሩ የማኅበር መሪዎች ሥራው በሚበዛበት ወቅት ለአባሎቻቸው የተፈተነ መብራት ሊያደርሱላቸው ይችላሉ።