ሲኒን የሚያጠነክረው፣ የሚያደክመውም ልባስ

ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ላይ የሚያብረቀርቀው ስስ ሽፋን ግሌዝ ይባላል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ለውበትና ለጽዳት ብቻ የተቀባ ይመስለዋል፤ ሲኒው ቶሎ መሰበሩንም ሆነ ዕድሜ ማግኘቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ግን እሱ ነው።

ግሌዝ በመሠረቱ መስታወት ነው። ሲሊካና አሉሚና፣ እንዲሁም ቶሎ እንዲቀልጥ የሚያግዙት የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የካልሲየም ውሕዶች ይገቡበታል። ዱቄቱ በውሃ ይበጠበጣል፤ ዕቃው ተነክሮበት ወደ እቶን ይገባል። ብዙ ሲኒ የሚሠራበት የሸክላ ዓይነት፣ ፖርሴሊን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,200 እስከ 1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይተኮሳል፤ ግሌዙም ቀልጦ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል።

ጉዳዩ የሚለየው ሲቀዘቅዝ ነው። ሁለቱም ይኮማተራሉ፤ እኩል ግን አይደለም። ግሌዙ ከሸክላው ይበልጥ ከተኮማተረ እንደጠበበ ሸሚዝ ተወጥሮ ይተረተራል። ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ገጹን ይሸፍኑታል። ስብራት ከእነዚህ ስንጥቆች ስለሚነሳ ዕቃው ይዳከማል።

ግሌዙ ከሸክላው በጥቂቱ አንሶ ከተኮማተረ ግን ሸክላው ጨምቆ ይይዘዋል። ሴራሚክ መጨመቅን ይችላል፤ መሳብ ግን ቶሎ ይሰብረዋል። ስለዚህ ዕቃውን ሊሰብር የመጣ ኃይል አስቀድሞ ጭመቃውን ማሸነፍ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የምናያቸው የፖርሴሊን ኢንሱሌተሮችም ከዚህ ጭመቃ ተጨማሪ ጥንካሬ ያገኛሉ። ጭመቃው ከልክ ካለፈ ደግሞ ግሌዙ ከጠርዝና ከእጀታ ላይ ይላጣል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ዜገር ይህን የመኮማተር አለመጣጣም በግሌዙ ቅመማ መፍታት እንደሚቻል አሳይቷል። ለተሰነጠቀ ግሌዝ ሲሊካ መጨመር፣ ብዙ የሚኮማተሩትን ሶዲየምና ፖታሲየም መቀነስ ዛሬም የሸክላ ባለሙያዎች መፍትሔ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበሩ ቻይናውያን ሸክላ ሠሪዎች ስንጥቁን ሆን ብለው ለጌጥ ተጠቅመውበታል፤ ለየዕለቱ ዕቃ ግን አይመከርም።

ስንጥቁ ዘግይቶም ይመጣል። በደንብ ያልተተኮሰ ሸክላ እርጥበት እየሳበ በጥቂቱ ያብጣል፤ ግሌዙም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። ሻይና ቡና ገብቶበት ቡናማ መስመር የሚያወጣው ይህ ነው። እንግዲህ ሲኒ ሲገዙ ከአበባው ሥዕል በፊት ገጹን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት፣ በጥፍርም መታ አድርጎ ማዳመጥ ይበጃል። ገጹ መስመር ከሌለው፣ ድምፁም ጥርት ካለ፣ ልባሱና ሸክላው ሳይስማሙ አልቀሩም።