ከፈረሱ በፊት ልጓሙ፦ ያገለገለ «ጡንቻማ መኪና» የማሻሻል ፊዚክስ

«መስል ካር» ወይም በቀጥታ ትርጉሙ «ጡንቻማ መኪና» በአሜሪካ መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ላይ እጅግ ትልቅ ሞተር በመግጠም የተፈጠረ የተሽከርካሪ ዓይነት ነው። የዘመኑ መክፈቻ ተደርጎ በብዙዎች የሚቆጠረው ፖንቲያክ ለ1964 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ጂቲኦ» ነው። እናት ኩባንያው ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖች ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን ባለ389 ኪዩቢክ ኢንች (6.4 ሊትር) ሞተሩን «ሌማንስ» ለተባለው ሞዴል እንደ ተጨማሪ ምርጫ በማቅረብ ክልከላውን አለፉት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 መኪኖች ተሸጡ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ያገለገለ መኪና ገዝተው በገዛ እጃቸው የሚያሻሽሉ ሰዎች በአሜሪካ ብዙ ናቸው። ለመሆኑ ገዢው ያለውን ውስን ገንዘብ በቅድሚያ በምን ላይ ያውለው? በሞተሩ ወይስ በፍሬኑ? ጥያቄው የምርጫ ጉዳይ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መልሱ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

በግዢ ጊዜ

ለገዢ ጠቃሚው መሣሪያ አንድ ትንሽ ማግኔት ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ በላሜራው ላይ ሲንሸራተት ብረቱ ይስበዋል፤ ዝገት በልቶት በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም በተቀባ ቦታ ላይ ግን አይያዝም። ቀጥሎ መኪናው ተነሥቶ ሻንሲው መታየት አለበት፤ የሞተሩን ጉልበት የሚሸከመው እርሱ ነውና። በተጨማሪም በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ስላልነበረ በሻንሲ ቁጥሩ ብቻ እውነተኛነቱ አይታወቅም፤ የፋብሪካውን የምርት ሰነድ መመልከት ያሻል።

የፍሬኑ ሒሳብ

የመኪናውን መጠነ ቁስ 1600 ኪሎ ግራም ብለን እንውሰድ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ፣ ማለትም የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ፣ 222 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱ ወደ 120 ሲያድግ ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 889 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህም 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለውን ሁለት ሊትር ተኩል ውኃ ለማፍላት ይበቃል። መኪናው በድንገት ሲቆም ይህ ጉልበት በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ወደ ፍሬኑ ብረት ይገባል። ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት 40 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ማቆም በ50 ዲግሪ ገደማ ያግለዋል፤ ሳይቀዘቅዝ አራት ጊዜ ቢደጋገም 200 ዲግሪ ይጨምራል።

የ1964ቱ ጂቲኦ በአራቱም ጎማዎች ላይ የነበረው የታምቡር ፍሬን ነው። ታምቡር ሲግል ስለሚሰፋ ከውስጥ ከሚገፋው ሸራ ይርቃል፤ የሸራውም ሰበቃ ይቀንሳል፤ ፔዳሉም ይጠልቃል። ዲስክ ፍሬን ግን ለአየር የተጋለጠ በመሆኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር በከባድ ማርሽ የሚነዳው ፍሬኑን ከዚሁ ሙቀት ለማዳን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ለአራቱም ጎማዎች በአንድ መስመር የሚሠራ መሆኑ ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። ጄኔራል ሞተርስ ወደ ሁለት መስመር የተሸጋገረው በ1967 ሞዴሎቹ ነው።

ጎማው የማያሳልፈው ጉልበት

ለጂቲኦው መደበኛ ሞተር የተነገረለት 325 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህ ቁጥር በዘመኑ ልማድ ሞተሩ ከመኪናው ውጪ፣ አየር ማጣሪያና ማርሚታን የመሳሰሉት ሳይገጠሙለት የተለካ ነው። ያም ሆኖ ለጎማው ይበዛበታል። የክብደቱ ግማሽ በኋላ ጎማዎች ላይ ቢያርፍና የሰበቃ ንጻሬው 0.8 ቢሆን፣ ጎማዎቹ መኪናውን ወደፊት ሊገፉ የሚችሉበት ከፍተኛው ኃይል 6,270 ኒውተን ያህል ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት (በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር) ይህ 63 ኪሎ ዋት ወይም 84 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሆናል። የቀረው ጎማ ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም።

ያው ሰበቃ የማቆሚያውንም ርቀት ይወስናል። ፍሬኑ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ መኪናው ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም 18 ሜትር፣ ከ120 ደግሞ 71 ሜትር ያስፈልገዋል። በዕድሜ የደረቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ርቀቱን ያስረዝመዋል።

ቅደም ተከተሉ

እንግዲህ ስሌቱ የሚያሳየን ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ማስተርና የፊት ዲስክ ፍሬን፣ በሁለተኛ ደረጃ አዲስ ራዲያል ጎማ፣ በሦስተኛ ደረጃ ሞላና ሾክ አብዞርበር ይቀየራሉ፤ ሞተሩ የመጨረሻውን ተራ ይይዛል። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ የፍሬኑን ሥራ ግን ማንም አያደንቅለትም። ሆኖም በድንገት መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን የሚተርፈው በፈረሶቹ ብዛት ሳይሆን በእነዚያ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ መቆም በመቻሉ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በየዕለቱ የምትሳፈሩበትን ተሽከርካሪ መጠነ ቁስና ፍጥነት ወስዳችሁ ይህንኑ ስሌት እንድትሠሩት እንጋብዛለን።