ምድርና ውሃ አንድ ቤት ናቸው

ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ ይዞ እንደሚሄድ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ነገር ግን ውሃው የወሰደው ነገር ከወዴት እንደሚያድር፣ ባደረበትም ስፍራ የሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት ምን እንደ ሆነ፣ የተወሰደበትም ምድር ምን ያህል እንደ ደኸየ ለማወቅ የሚደክም ሰው ጥቂት ነው። ገበሬው ስለ እርሻው ያስባል፤ ዓሣ አጥማጁ ስለ ሐይቁ ዳርቻ ይጨነቃል፤ የዋሻ ተመራማሪውም መብራቱን ይዞ ከመሬት በታች ይመላለሳል። ሦስቱ ሰዎች ተገናኝተው ቢነጋገሩ ግን የሦስቱም ነገር አንድ ሆኖ በተገኘ ነበር። በተራራው ራስ ላይ የተደረገው ሁሉ፣ ደግም ቢሆን ክፉም ቢሆን፣ በዋሻው ጨለማና በባሕሩ ጠረፍ ሳይገለጥ አይቀርምና። ይህንንም የሊቃውንት ምርመራ ካስገኘው ማስረጃ እየጠቀስን ለአንባቢዎቻችን በየተራው እናመለክታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጣለን።

በመጀመሪያ ከምድር በታች ያለውን እንመልከት። በባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያላየው እንኳ ዝናውን ሰምቷል። የዌብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ ሲመጣ ከኖራ ድንጋይ የሆነ ምድር ያጋጥመዋል፤ ዞሮ በማለፍ ፈንታ ድንጋዩን ሰርስሮ ይገባና በብዙ አዳራሽ መካከል ተመላልሶ በሌላ በር ይወጣል። ከእንግሊዝ አገር የመጡ የዋሻ ተመራማሪዎች በ1972 ዓ.ም. መተላለፊያዎቹን ለክተው ርዝመታቸው በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስታውቀዋል። ስሙም በዚያ ኖረዋል ከሚባሉት ከሼህ ሶፍ ዑመር የተገኘ ሲሆን፣ ስፍራው እስከ ዛሬ ድረስ ምእመናን የሚሳለሙት ነው። ይህን ሁሉ ሕንጻ ያነጸው ውሃ ብቻ ነው። የዝናም ውሃ ከአየርና ከአፈር በሚያገኘው ቀላል አሲድ የኖራውን ድንጋይ ጥቂት በጥቂት እያሟሟ፣ በቍጥር በማይደረስበት ዘመን ዓምዱንና ጣሪያውን ቀርጾ አቆመው።

እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ሕይወት ይገኛልን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አዎን ነው። በጎረቤታችን በሶማሊያ ከበረሃው በታች በሚገኘው ውሃ ውስጥ ዓይን የሌላቸው ዓሦች ይኖራሉ። የኢጣልያ ሊቃውንት ከነዚሁ መካከል አንዱን በ1923 ዓ.ም.፣ ሌላውን በ1924 ዓ.ም. መርምረው ስም አውጥተውላቸዋል። ሁለተኛው ፍሬያቲክቲስ አንድሩዚ የተባለው ነው። ይህ ዓሣ ዓይን የለውም፤ ቅርፊትም ቀለምም የለውም። ከብርሃን ተለይቶ የኖረበት ዘመን ከአንድ ሚሊዮን ዓመት እንደሚበልጥ ተገምቷል። ፍጥረት ቀኑንና ሌሊቱን የሚለይበት የውስጥ ሰዓት እንዳለው የታወቀ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ምርመራ እንዳስረዳው ግን የዚህ ዓሣ ሰዓት ለብርሃን አይታዘዝም። መብል በየዕለቱ በተወሰነ ጊዜ ቢሰጠው ግን ያንኑ ጊዜ ጠብቆ ይነቃቃል። ፀሐይን ረስቶ መብሉን ሳይረሳ ቀረ ማለት ነው።

መብሉስ ከወዴት ይመጣል? ፀሐይ በሌለችበት ቅጠል አይበቅልም። ስለዚህ አብዛኛው የዋሻ እንስሳ የሚኖረው ውሃው ከላይ ይዞት በሚወርደው ብስባሽና የሌሊት ወፎች በሚጥሉት ኵስ ነው። ሕይወቱ ከላይ ከሆነ ሞቱም ከላይ ነው። በአሸዋና በወፍራም አፈር ውስጥ የሚሰርግ ውሃ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይጣራል፤ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ የሚገባው ግን ሳይጣራ ከነጉድፉ ይደርሳል። በስሎቬንያ አገር ፕሮቴዎስ የሚባል ዕውር የዋሻ እንስሳ አለ። ጎርፍ ወደ ውጭ ሲያወጣው ባላገሩ የዘንዶ ልጅ ነው ይል እንደ ነበረ ቫልቫሶር የተባለው ጸሐፊ በ1689 ዓ.ም. መዝግቧል። በዚያው አገር ክሩፓ በሚባለው ምንጭ አካባቢ ለኤሌክትሪክ የሚያገለግል ዕቃ ከሚሠራ ፋብሪካ የወጣ መርዝ ወደ ኖራው ድንጋይ ሰርጎ፣ ምንጩ በ1980ዎቹ ዓመታት ተመርዞ ተገኘ። ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላም መርዙ በፕሮቴዎስ ሥጋ ውስጥ ተከማችቶ ታይቷል። እንግዲህ የዋሻን ሕይወት መመርመር ለጨዋታ ወይም ለድንቅ ነገር ፍለጋ ብቻ አይደለም። ዕውሩ ዓሣ የማናየውን የጕድጓድ ውሃችንን ንጽሕና የሚመሰክር ታማኝ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ነገር የውሃ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የግብጽ ዴልታ ነው። ወደ አስዋን ይደርስ ከነበረው የዓባይ ውሃ ከመቶ 86 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ከደለሉም ከመቶ 90 የሚበልጠው በዓባይና በተከዜ መንገድ ከዚሁ ይሄድ ነበር። ዴልታው የተሠራው ከተራሮቻችን በታጠበ አፈር ነው ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም። ባሕሩ ከዳርቻው በማዕበሉ የሚወስደውን ያህል ወንዙ በየክረምቱ ይተካ ስለ ነበረ፣ ጠረፉ ገቢና ወጪው እንደ ተስተካከለ ቤት ሆኖ ብዙ ሺህ ዓመት ቆየ። በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ በወንዙ ላይ የተሠሩት ግድቦች ገቢውን ሲቀንሱት ጠረፉ መሸርሸር ጀመረ። ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1960 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1970 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ ግን ደለሉ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ እየቀረ ገቢው ፈጽሞ ተቋረጠ። ወጪው ግን አልተቋረጠም። ሮዜታ በሚባለው የወንዙ አፍ ዳርቻው በዓመት ከ50 ሜትር በላይ እየተበላ ወደ ኋላ ሸሸ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ታላቅ የድንጋይ ግንብ ቢሠራ ግንቡ በቆመበት መሸርሸሩ ተገታ፤ ከግንቡ ጫፍ ወዲያ ያለውን ግን ባሕሩ መብላቱን ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው ዳርቻን በዳርቻው ላይ ብቻ ሆኖ መጠበቅ እንደማይቻል ነው። ቍልፉ ያለው ከላይ ነው።

ወደ አገራችን ሐይቆች ስንመለስም ያው ትምህርት ይገኛል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ከዙሪያው ኮረብታ የታጠበው አፈር ታቹን እየሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ የሚሳበውም ውሃ እየበዛ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጨርሶ ደረቀ። ለሐረር ሕዝብም ከድሬዳዋ አካባቢ በረጅም ቧንቧ ውሃ ማምጣት ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ዳግመኛ እንዳይሄድ ግን ያን ጊዜ ያስኬደውን ምክንያት ማስወገድ ያሻል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የባቡሩን ሐዲድና አውራውን ጐዳና አስጨነቀ፤ የግጦሹንም ምድር ዋጠ። መርማሪዎች ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያት ዋናው ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውሃና ወደ ሐይቁ የሚገባው የከርሠ ምድር ውሃ መብዛቱ ነው። ውሃውም ጨዋማ ስለ ሆነ የደረሰበትን ምድር ለእርሻ አያተርፍም። እነሆ አንዱ ሐይቅ ከልክ በላይ ተወስዶበት ጠፋ፤ ሁለተኛው ከልክ በላይ ተጨምሮለት አጠፋ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ተራራው ነው። የእርሻ ሚኒስቴር በስዊስ አገር ከሚገኘው ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1981 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርመራ ጀመረ። በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሌሎችም ስፍራዎች ጣቢያ ተቋቁሞ የሚወርደው ዝናም፣ የሚፈሰው ጎርፍ፣ የሚታጠበውም አፈር ዓመት ከዓመት ተለካ። ይህን ምርመራ የመሩት ሃንስ ሁርኒ እንደ ገመቱት ከሚታረሰው ምድር በአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን፣ ማለት 420 ኩንታል አፈር ይታጠባል። ይህ የምድሩን ፊት በየዓመቱ አራት ሚሊ ሜትር ያህል መግፈፍ ነው። ተፈጥሮ በዚያው ዓመት የምትተካው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ጉዳቱ ይልቁንም የሚበረታው በክረምት መግቢያ፣ ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰው ማሳ ገና ቡቃያ ሳይለብስ ራቁቱን ዝናሙን ሲቀበል ነው። አንድ ሰው ከጎተራው 420 ኩንታል እህል ቢሰረቅበት አገር ያዳርሳል፤ የእህሉ እናት የሆነው አፈር ሲሰረቅበት ግን ዝም ይላል።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ዓባይ ማደሪያ አግኝቷል። ማደሪያውም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ነው። ነገር ግን አዳሪው ግንዱንም አፈሩንም ይዞ እንደሚገባ መርሳት አይገባም። ቀድሞ ድንበር ተሻግሮ የሰው ዴልታ ይሠራ የነበረው ደለል አሁን በገዛ ቤታችን ይቀራል። በሱዳን በ1966 ዓ.ም. የተሠራው የሩሴሪስ ግድብ ከመያዣው ከሲሶ ያላነሰው በደለል ተይዞበት ነበር፤ ከፍታውም በ2013 ዓ.ም. ተጨምሮለታል። በ1960 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የራሳችን የቆቃ ግድብም ከደለል ጉዳት አልዳነም። እንግዲህ የግድቡ ዕድሜ የሚወሰነው በሲሚንቶው ጽናት ብቻ አይደለም፤ በጎጃም፣ በወሎ፣ በወለጋና በሸዋ ተዳፋት ላይ በሚሠራው እርከን ጭምር ነው።

ለዚህ መድኃኒት አለን ብንል አለ፤ ከሩቅ አገርም መፈለግ አያሻንም። የኮንሶ ሕዝብ በደረቅና በተዳፋት ምድር ላይ የድንጋይ እርከን እየካበ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አንዱ ትውልድ የካበውን ተከታዩ ይጠግነዋል እንጂ አያፈርሰውም። ስለዚህም ይህ ሥራ በ2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም ቅርስ ተቈጠረ። በትግራይም በአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሕዝቡ ተራራውን ከልሎ፣ እርከን ሠርቶ፣ ጎርፉን ወደ መሬት እንዲሰርግ ቢያደርግ ደርቀው የነበሩት ጕድጓዶች ውሃ ቋጠሩ፤ ለዚህም በ2012 ዓ.ም. የኢኳተር ሽልማት ተሰጠው። ልብ ይሏል፤ ውሃው የተመለሰው ከላይ ስለ ተያዘ ነው።

ነገር ግን እርከን ሁሉ በየስፍራው ጸንቶ አልቆመም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት እህል ለሥራው ዋጋ እየተሰጠ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቶ ነበር። ከ1991 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ብዙው ፈረሰ፤ የተተከለውም ዛፍ ተቈረጠ። ይህ የሆነው ገበሬው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፤ በካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ጥቅሙም ቶሎ አይታይም፤ ደግሞም ሳይጠየቅ በትእዛዝ የተሠራበት ሰው እርከኑን የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ ያየዋል። ምድሩ የርሱ መሆኑን ያመነ ሰው ግን ለልጁ ይክባል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው መሰጠቱ ለዚህ ረድቷል፤ ሥራው በምክርና በፈቃድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጸናል።

እንግዲህ የሚገባው ሥርዓት ግልጥ ነው። ሥራው ከተራራው ራስ ይጀመር እንጂ ከግርጌው አይሁን፤ ከላይ ያልተያዘ ጎርፍ ከታች ያለውን ካብ ያፈርሳልና። በሐይቅና በወንዝ ዳር ደንገሉና ቍጥቋጦው ሳይታረስ ይተው፤ ያ ጠባብ ቦታ ደለሉን የሚያጣራ ወንፊት ነውና። ከጕድጓድና ከሐይቅ የሚሳበው ውሃ ተለክቶ ይሳብ። ወደ ዋሻና ወደ መሬት ስንጥቅ ጥራጊም ሆነ መርዝ አይጣል፤ የሌሊት ወፎችም ያለ ምክንያት አይባረሩ። መርማሪዎችም ያገኙትን በመጽሐፍ ቤት አስቀምጠው አይለፉ፤ ለባላገሩ በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት።

አሁን ባለው የሰው ብዛት የሚታረስ አዲስ ምድር የሚገኝበት ዘመን አልፏል። ያለን ይኸው የያዝነው ነው። በዚህ ክረምት የሚወርደው ዝናም በአንዱ ማሳ ላይ ቢያዝ ለባለማሳው እህል፣ ለጎረቤቱ ምንጭ፣ ለግድቡም ዕድሜ ይሆናል፤ ካልተያዘ ግን ሦስቱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ይዞታ የክረምቱ ደመና ሳይከብድ ወደ ማሳው ራስ ወጥቶ ጎርፉ የሚገባበትን በር ከወዲሁ ይመልከት፤ የፈረሰውንም ካብ ይጠግን።