ሥራ ሳይለቁ ዲግሪ መማር፦ ከሰቆጣ ሲታይ

በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማርባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ የክረምትና የርቀት። የሚሰጠው ዲግሪ ከመደበኛው እኩል ነው። ልዩነቱ በሰዓቱ፣ በሚፈጀው ዓመትና በከፋዩ ላይ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ የወጪ መጋራቱን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል፤ ሠራተኛው ግን መሥሪያ ቤቱ ካልላከው በቀር በክሬዲት እየተሰላ በየምዝገባው ከኪሱ ያወጣል።

ከአራቱ የማታው ቀደምት ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለመንግሥት ሠራተኞች የማታ ትምህርት ለመስጠት ብዙ አልቆየም፤ «ኤክስቴንሽን» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የዘለቀው ከዚያ ዘመን ነው። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ የዛሬው የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፣ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ የክልል ሠራተኞችን ከሥራ ገበታቸው አንስቶ በሙሉ ጊዜ አስተማረ።

የማታ ትምህርት ተማሪውና ዩኒቨርሲቲው አንድ ከተማ ውስጥ መሆናቸውን ይጠይቃል። ሰቆጣ በምትገኝበት በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ይህ የለም። ሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን በብሔረሰብ አስተዳደሩ ውስጥ አይገኝም። ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በኮረም፣ በአላማጣና በቆቦ ወይም በላሊበላ በኩል መጓዝ ያስፈልጋል፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ከዚያም ይርቃሉ። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ሰቆጣ ላይ ቢከፈት እንኳ የሚጠቅመው የከተማውን ሠራተኛ ነው። ዝቋላ ወይም ሰሃላ ገጠር ቀበሌ ያለ መምህር ዓርብ ከሰዓት ክፍል ዘግቶ ቅዳሜ ጠዋት ሰቆጣ ሊደርስ፣ ሰኞም ተመልሶ ሊያስተምር አይችልም።

ስለዚህ የዋግ መምህራን ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ የሚያሳድጉበት ዋነኛ መንገድ የክረምቱ ነው። መደበኛ ተማሪ ሲወጣ መምህሩ ይገባል፤ የሴሚስተር ትምህርት ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ታጭቆ ይሰጣል፤ በመካከሉ ባለው የሥራ ዓመት አሳይመንት ይሠራል። ዲግሪው እንዲህ በአራትና በአምስት ክረምት ይቋጫል። አሠራሩ በትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ የተሰፋ በመሆኑ ከመምህር ውጪ ላለ ሠራተኛ አይመችም። የግብርና ባለሙያ ሥራ የሚበዛበት ክረምት ነው፤ ጤና ጣቢያም ክረምት ብሎ በሩን አይዘጋም። ለመምህሩም ቢሆን ነፃ የተባለው ወቅት የእርሻና የአረም ጊዜ ነው። ትንሽ ልጅ ያላት መምህርት ደግሞ ሁለት ወር ከቤቷ ለመራቅ ልጇን የሚይዝላት እናት ወይም እህት ያስፈልጋታል። ይህ በፕሮግራሙ ወጪ ላይ ባይጻፍም ወጪ ነው።

ለቀሩት የሚተርፈው ርቀት ነው። ሞጁል ይወሰዳል፣ አሳይመንት ይሠራል፣ አልፎ አልፎ ቱቶሪያል ይሰጣል፣ ፈተናው በማዕከል ይሆናል። በዓለም ላይ ይህን አሠራር ያስከበረው በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያ ግን እያንዳንዱ ተማሪ አሳይመንቱን አርሞ አስተያየት የሚጽፍለት አስጠኚ ነበረው። በኢትዮጵያ እንደ ቅድስት ማርያምና አልፋ ያሉ የግል ተቋማት ርቀትን አስፋፉ። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ምክንያት አግዶት ነበር፤ እገዳው ብዙም ሳይቆይ ተነሳ። የጥራት ጥያቄው ግን ከእገዳው ጋር አልተነሳም።

የርቀት ድካም ዋግ ላይ ይበረታል። በመጀመሪያ ደረጃ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ወይም በአማርኛ የሚያስተምር መምህር የዲግሪ ሞጁሉን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስረዳው ሰው በአጠገቡ የለም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲያዳርስ መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። አሳይመንትና የፈተና ቀን በቴሌግራም የሚነገርበት ትምህርት ኔትወርክ ሲጠፋ ከነአካቴው ይቆማል።

ጥራቱን የሚለካው አሁን የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ በየትኛውም መንገድ ይማር፣ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን መርጦ ሲቀበል፣ የግሉ ከሥራ መልስ የሚያነበውን ጎልማሳም ይይዛል። ቢሆንም ክፍያውን ለዓመታት ከከፈለው መካከል ዲግሪ ሳይዝ የሚቀረው ብዙ መሆኑን ያሳያል።

ከምዝገባ በፊት የሚጣራው ቀዳሚ ነገር ፈቃድ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ አይደለም፤ በትምህርት መስኩ፣ በካምፓሱና በአሰጣጡ ለየብቻ ነው። ለመደበኛ የተፈቀደ አካውንቲንግ ለርቀት ተፈቀደ ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ካምፓስ ፈቃድም ሌላ ከተማ ያለውን ቅርንጫፍ አይሸፍንም። ቀጥሎ የመግቢያ ማስረጃ አለ፤ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የጨረሰ ሰው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ መቅረብ አለበት። ሦስተኛው ከመሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው። ተቋሙ ከፍሎ ከላከ ተማሪው ተመልሶ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል ውል ይገባል፤ በራሱ ወጪ ከተማረም የሚማረው መስክ ከያዘው የሥራ መደብ ጋር መገናኘቱን አስቀድሞ ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ቢይዝ ይሻላል። መስኩ ከመደቡ ጋር ካልተገናኘ ዲግሪው ለደረጃ እድገት ላይያዝለት ይችላል።