ትንፋሽ ቀድሞ፣ ጅማት ዘግይቶ፦ በመተማ ቆላ ወደ ሩጫ መመለስ

ሩጫ ያቋረጠ ሰው ያካበተውን አቅም በአንድ ጊዜ አያጣም፤ ሲመለስም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመለስለትም። ቀድሞ የሚጎድለው ደም ነው። ልምምድ በቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማ የሚባለው፣ ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚያንስ ለዚያው ለዱሮው ፍጥነት ቶሎ ቶሎ መምታት ግድ ይሆንበታል። ቀጥሎ በጡንቻ ውስጥ ስብና ስኳርን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት ሚቶኮንድሪያ ይዳከማሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ለረጅም ጊዜ የሠለጠኑ ሰባት ስፖርተኞች ልምምድ እንዲያቆሙ ተደርጎ ነበር። ሰውነታቸው ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በሦስት ሳምንት 7 በመቶ፣ በስምንት ሳምንት 16 በመቶ ወረደ። ጡንቻን የከበቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግን ከ84 ቀን በኋላም አልቀነሱም ነበር።

ቶሎ የጠፋው ቶሎ ይመለሳል። ፕላዝማ ሩጫው በተጀመረ በቀናት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ሯጩ ትንፋሹ ረግቶለት የዱሮው ሰው የሆነ ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጅማት የደም ሥር የሚደርስበት በጥቂቱ ስለሆነ ራሱን የሚጠግነው በወራት ነው። አጥንት ደግሞ አዲስ ጫና ሲያርፍበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ያፈርሳል፤ ፈርሶ የነበረውን በአዲስ መሙላት የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ነው። በመካከሉ አጥንቱ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ይልቅ ለስንጥቅ የተጋለጠ ይሆናል። ስለዚህ ትንፋሽ ጨምር ጨምር በሚልበት ሰሞን ቅልጥም ገና ግንባታ ላይ ነው። በቅልጥሙ ርዝመት ተሰራጭቶ የሚሰማና ሰውነት ሲሞቅ የሚለዝብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ጫና በመቀነስ ይድናል። በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ በአንድ እግር ሲዘለል የሚወጋ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን ወዲያው አቁሞ መታየት ያስፈልጋል።

በመተማ ዮሐንስና በአካባቢው ቆላ ሩጫ የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የሰሊጥ ነው፤ አረሙ፣ አጨዳው፣ ሂላ ማቆሙና ማራገፉ የሰውን ጉልበት ጠቅልሎ ይወስዳል። ሌላው ወባ ነው። የወባ ተውሳክ የሚራባው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን እያፈነዳቸው ይወጣል። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ያለው በእነዚሁ ሕዋሳት ስለሆነ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ሯጩ ለሳምንታት የደም ማነስ ሊኖርበት ይችላል። መድኃኒቱን በጨረሰ ማግሥት አምስት ኪሎ ሜትር ሞክሮ እግሩ እንደ እርሳስ የከበደበት ሰው የደከመው ከፈቃድ ማነስ ሳይሆን ከኦክስጅን ማነስ ነው። ሄሞግሎቢንን በጤና ጣቢያ ማስለካት ሌላ ግምት ሁሉ ያስቀራል። ካላዛር ይዞት የዳነ ሰው ደግሞ የበለጠ መታገሥ አለበት፤ በሽታው ከደም ማነስ በተጨማሪ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ያበጠ ጣፊያ ይዞ ወድቆ መመታት ለሕይወት ያሰጋል። ትኩሳት ባለበት ቀን መሮጥ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የመተማን ሯጭ ፕሮግራም የሚያወጣለት ሙቀት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከአምስት አንድ እጁ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው 480 ኪሎ ካሎሪ በሰውነት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህ ሙቀት መውጫ ቢያጣ የሰውየውን ሙቀት ከ9 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገው ነበር፤ ማለትም ሩጫው ሳያልቅ ይገድለዋል። የሚያድነው ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ስለሚሄድ ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ሙሉ በሙሉ ከተነነ ሒሳቡ ይዘጋል። ይህ የአየሩ ሙቀት ከቆዳ በማይበልጥበት ጊዜ ነው። አየሩ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ሰውነት ለአየሩ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ ከአየሩ መቀበል ይጀምራል፤ ሥራው ሁሉ በላብ ላይ ይወድቃል።

የሚያቀዝቅዘው የተነነው ላብ እንጂ የተንጠባጠበው አይደለም። ለዚህ ነው የነሐሴ 30 ዲግሪ ከጥር 35 ዲግሪ ሊብስ የሚችለው። በክረምት አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም ወበቁ ላቡን አያተነውም፤ ላብ ከአገጭ እየተንጠባጠበ የሰውነት ሙቀት ግን ከፍ ይላል። በበጋ ደግሞ ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ ሯጩ ያልላበው ይመስለዋል። ያልላበው የመሰለው ሰው ጥቁር ካናቴራውን ሲያወልቅ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ካርታ ያገኛል።

ሰውነት ግን ሙቀትን ይለምዳል፤ ከሰባት እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕላዝማ ይጨምርና የልብ ምት ይረግባል። ከዚያ ላብ ቀድሞ መምጣትና መብዛት ይጀምራል፤ በላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ለሰሊጥ አረም ከደጋ ወደ መተማ እርሻዎች የሚወርዱ ሠራተኞች በመጀመሪያው ሳምንት በቀትር ራሳቸውን እያዞራቸው ጥላ ሲፈልጉ፣ በሁለተኛው ከነባሮቹ እኩል መዋላቸው በዚሁ ለውጥ ይገለጻል። ሯጭም እንዲሁ ነው። በቆላ ተወልዶ ያደገ መሆን ግማሽ መንገድ ቢያደርስም፣ ሮጦ በሚመጣ ሙቀት ያልተለማመደ ሰውነት ከአዲስ መጀመር አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ አጭርና ዝግ ያለ መሆኑ ለአጥንቱም ለላቡም ነው።

ሰዓቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። የማታ ሩጫ ፀሐይ ስለጠለቀች ቀዝቃዛ ይምሰል እንጂ አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት እየተፋ ነው፤ የወባ ትንኝም የምትወጣው በዚያን ጊዜ ነው። መሬቱም ምርጫ ያስፈልገዋል። ከገንዳ ውሃ በኩል የሚመጣው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ እስከ ገላባት ድንበር ይደርሳል፤ ለጥ ያለ በመሆኑ ፍጥነት ለመለካት ይመቻል፣ የከባድ መኪናው ነገር ግን ጠርዙን እያዩ መሮጥን ይጠይቃል። ከአስፋልቱ ውጭ ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ጫማ ላይ ተጣብቆ እግርን ያከብዳል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ለተመላሽ ሯጭ የተሻለው በመኪና የተረገጠ የጠጠር መንገድ ነው።

ልምምዱ ራሱ ብዙ ጥበብ የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ እረፍት እያደረጉ፣ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድን ለግማሽ ሰዓት መደጋገም ጥሩ መነሻ ነው፤ ሩጫው እየረዘመ እርምጃው እያጠረ በሁለት ወር ገደማ ግማሽ ሰዓት ሳይቋረጡ መሮጥ ይቻላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን ወሬ ነው፦ ከጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። በሙቀት ደም ወደ ቆዳ ስለሚከፈል በዚያው ፍጥነት የልብ ምት እየጨመረ ይሄዳል፤ በዚህ ምክንያት በሚያዝያ ፍጥነት መውረዱ የአቅም መውረድ አይደለም።

ብዙ አሠልጣኞች ርቀት በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አይጨመር ይላሉ። ደንቡ የሚታመነውን ያህል አልተፈተነም። በ2008 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ግሮኒንገን ከ500 በላይ ጀማሪ ሯጮች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን በዚህ ደንብ፣ ሌላው በተለመደው ፈጣን ፕሮግራም ሲለማመድ፣ በሁለቱም ከአምስት አንዱ ገደማ ተጎድቷል። ይልቅስ የሚያሰጋው በአንድ ቀን የሚደረግ ዝላይ ነው፤ ባለፈው ወር ከስድስት ኪሎ ሜትር ያላለፈ ሰው በወኔ ተነድቶ አንድ እሑድ 12 ሲሮጥ።

ስለ ውኃ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ጠጣ፣ ጠጣ» ነው፤ ይህ ሙሉ እውነት አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ የደማቸው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ካላባቸው በላይ መጠጣታቸው ነበር። የራስን ላብ ማወቅ ሚዛን ብቻ ይፈልጋል። ሳይለብሱ ተመዝኖ ሮጦ፣ ላብን ጠርጎ እንደገና መመዘን ነው፤ 60 ኪሎ የነበረው 59.2 ከሆነ በመካከሉ ካልጠጣ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ አልቦታል። ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ሩጫ ሲጠማ መጠጣትና ጨው ያለው ምግብ መብላት ይበቃል። ለሕመም ተብሎ ከሩጫ በፊት የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ግን ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ሯጭ መንገዳገድ፣ ንግግሩ መምታታት ወይም ያለ ምክንያት መቆጣት ከጀመረ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ላብ እያለበትም ይህ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ፓራሲታሞል አይረዳም፤ ባጃጅ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ጥላ ውስጥ አስገብቶ ልብሱን አውልቆ በብዙ ውኃ ማራስና ማራገብ፣ በርሜል ወይም ገንዳ ካለም መንከር ይቀድማል። የሙቀት ምት በሚባለው በዚህ ሁኔታ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው።

አማተር ሯጮች ከሚያልሟቸው ውድድሮች ዋነኛው አዲስ አበባ ላይ በኅዳር የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲጀመር በወንዶች መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ አሸነፈ፤ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሳተፍበታል። ከመተማ ለሚሄድ ሰው ውድድሩ አየር የመቀየር ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከመተማው ወደ 18 በመቶ ያንሳል። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የሰውነት ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገመታል። በመተማ 60 ደቂቃ የፈጀበት በአዲስ አበባ 60 ለመሮጥ ከተነሣ በመጀመሪያው ዳገት ይቀጣል። መጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ሰዉ ራሱ ስለሚያዘገይ ያንን እንደ ጥቅም መቁጠር ይሻላል።

ቆላው ግን ባዶ እጁን አይሰደውም። በ2010 እ.ኤ.አ. በኦሪገን የተሠራ ጥናት በ40 ዲግሪ ሙቀት ለ10 ቀን የተለማመዱ ብስክሌተኞች በቀዝቃዛ አየርም አቅማቸው 5 በመቶ ያህል መጨመሩን አሳይቷል። ኋላ ከተደረጉት ጥናቶች አንዳንዶቹ አልተስማሙበትም፤ የፕላዝማው መጨመር ግን አያከራክርም።

ለውድድሩ ሲታሰብ ወይ በዋዜማው መድረስ፣ ወይ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መሄድ ይመረጣል፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት የሚበረታው በመካከሉ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ነውና። ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሰው ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። የሙቀት ልምድ ከሙቀት በራቁ በየቀኑ 2.5 በመቶ ገደማ ይጠፋል፤ ሜዳሊያውን ይዞ ወደ መተማ ሲወርድ ሲሶው ያህሉ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። የጠፋው ከመጀመሪያው በፈጠነ ጊዜ ስለሚመለስ ጥቂት ቀን በማለዳ አጠር አጠር አድርጎ መሮጥ ይበቃዋል።